ሩጫ ከደጅ ይጀምራል

ኢትዮጵያ የሯጮች አገር ናት። ይህን ስንሰማ ሁላችንም ደስ ይለናል፤ ሰንደቅ ዓላማው ሲሰቀል እናለቅሳለን፤ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን የመጨረሻውን ዙር አብረን እንሮጣለን። እስቲ ግን አንድ ቀላል ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ነገ ጠዋት ተነስታችሁ ግማሽ ሰዓት መሮጥ ብትፈልጉ የት ትሮጣላችሁ?

ይህን ጥያቄ ጀሞ ላይ ብታነሱት ሦስት ዓይነት መልስ ታገኛላችሁ። አንዱ «እንጦጦ» ይላል። ሌላው «ጂም ግባ» ይላል። ሦስተኛው ትከሻውን ሰብቆ «አስፋልት ላይ ነዋ፣ ሌላ የት አለና!» ይላል። እኔ የማወራው ስለ ሦስተኛው ሰውዬ ነው፤ እውነቱን የተናገረው እሱ ነውና።

እንጦጦ ድንቅ ቦታ ነው። ጫካው፣ አየሩ፣ አቀበቱ ለሯጭ የተሠራ ይመስላል። በ2013 ዓ.ም ፓርኩ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ብዙ ሰው መዳረሻ አድርጎታል። ነገር ግን እንጦጦ ያለው በከተማዋ ሰሜን ጫፍ፣ ጀሞ ያለው ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ላይ ነው። ከጀሞ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ፒያሳ ወይም ስድስት ኪሎ፣ ከዚያ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያ ሽቅብ። መመለሻውም እንደዚያው። ግማሽ ሰዓት ለመሮጥ ግማሽ ቀን ታክሲ ውስጥ መቀመጥ ማለት ነው። ይህን በዓመት ሁለት ጊዜ ማድረግ ይቻላል፤ በሳምንት አራት ቀን ግን የሚችለው መኪናና ትርፍ ጊዜ ያለው ሰው ብቻ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አንድ ነው። የመሮጫ ቦታ ዋጋው የሚለካው በውበቱ አይደለም፤ ከቤት ደጅ ያለው ርቀት ነው የሚለካው። ከደጅ የማይጀምር የሩጫ መንገድ ለሽርሽር ይሆናል፤ ልማድ ግን አይሆንም።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ የራሳችንን ታሪክ ተመልከቱ። ኃይሌ ገብረሥላሴን ኃይሌ ያደረገው የመጀመሪያው መንገድ አሰላ አካባቢ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው 10 ኪሎ ሜትር ነበር። ሄዶ ይመለሳል። ደብተሩን በክንዱ ስር አጣብቆ ከመሮጡ የተነሳ ግራ እጁ የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላም እንደታጠፈ ቀርቷል ይባላል። ያንን መንገድ ማንም ለሩጫ ብሎ አልሠራለትም። ከበሩ ስለሚጀምር ብቻ ሮጠበት።

በቆጂንም እዩ። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ሁሉም ከዚያች አንድ ከተማና ከዙሪያዋ የወጡ ናቸው። የተለያየ ማብራሪያ ይሰጣል፤ ከፍታው፣ አመጋገቡ፣ አሠልጣኙ፣ ድህነቱ። ሁሉም የየራሱ ድርሻ ይኖረዋል። አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ይረሳል። በቆጂ ውስጥ አንድ ልጅ ከቤቱ ወጥቶ ሜዳና ጫካ ለመድረስ ታክሲ አይጠብቅም። መሬቱ ደጁ ላይ ነው፤ ለስላሳ ነው፤ ክፍት ነው፤ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

ጀሞም ከፍታ አላት። አዲስ አበባ ሙሉ በሙሉ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ የውጭ አገር ሯጮች ከፍለው ይህን አየር ሊተነፍሱ ይመጣሉ። እኛ ጋ ሕፃናት ሞልተዋል፤ ጀሞ 1፣ 2 እና 3 ከጫፍ እስከ ጫፍ ልጅ ነው። የጎደለው መሬቱ ነው። የኮንዶሚኒየም ልጅ በሩን ሲከፍት የሚያገኘው ደረጃ፣ ከደረጃው ስር የቆመ መኪና፣ ከመኪናው ቀጥሎ የትምህርት ቤት ሰርቪስ ነው። ጠዋት በመኪና ይሄዳል፤ ማታ በመኪና ይመለሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናትና ለታዳጊዎች በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ያስፈልጋቸዋል ይላል። እስቲ የኛን ሰፈር ልጅ ስድሳ ደቂቃ ቁጠሩለት። የት ቦታ ላይ ትቆጥሩለታላችሁ?

አሁን ደግሞ በጀሞ ያሉትን የመሮጫ መንገዶች አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው የግቢ ውስጥ ዙር ነው። በብሎኮቹ መካከል መዞር። ለጀማሪ ጥሩ ነው፤ ሰው ያያችኋል፣ ብትደክሙም ቤታችሁ ቅርብ ነው። ችግሩ ኮብልስቶኑ ነው። ድንጋዩ እኩል ስላልተነጠፈ ቁርጭምጭሚት ይጠመዝዛል፤ በዝናብ ደግሞ ያንሸራትታል። በዚያ ላይ በየሃምሳ ሜትሩ መታጠፊያ አለ፤ በየመታጠፊያው መኪና ወደ ኋላ ይወጣል። ሲጀመር ለሕፃናት መጫወቻ ተብለው የተተዉ ክፍት ቦታዎች ብዙዎቹ ዛሬ ወይ ፓርኪንግ ሆነዋል፣ ወይ ሱቅ ተሠርቶባቸዋል፣ ወይ የግንባታ ትራፊ ተከምሮባቸዋል።

ሁለተኛው ዋናው አስፋልት ነው። ከጀሞ ወደ ጀርመን አደባባይና መካኒሳ፣ ወይም ወደ ለቡ። ቀጥ ያለ ነው፤ ርቀት ለመሙላት ይመቻል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ በጠርዙ የሚሮጡ ሰዎችን ታያላችሁ። ግን በዚያ ሰዓት መንገዱ ባዶ ስለሚመስል ሚኒባሱም ሲኖትራኩም የሚበርበት ሰዓት ነው። እግረኛ መንገድ ላይ ልውጣ ብትሉ ደግሞ መቶ ሜትር ሳትሄዱ ይቋረጣል። አንድ ቦታ የአሸዋ ክምር፣ አንድ ቦታ የቆመ መኪና፣ አንድ ቦታ ክዳኑ የሌለ የፍሳሽ ጉድጓድ። በጨለማ ውስጥ ክዳን የሌለው ጉድጓድ ምን ማለት እንደሆነ ለጀሞ ሰው አላስረዳም።

ሦስተኛው ወደ ፉሪ የሚያወጣው አቅጣጫ ነው። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የሚያምረው ይህ ነው። ኮሮኮንች አለ፣ አቀበት አለ፣ ባሕር ዛፍ አለ፤ ከፍ ሲባል ከተማው ከታች ይታያል፤ በጠራ ቀን በምዕራብ በኩል ወጨጫ ከነግርማው ይቆማል። ለእግር ለስላሳ ነው፤ ለሳንባም ንጹሕ ነው። ግን ይህ መንገድ በየዓመቱ እየጠበበ ነው። ዘንድሮ የተሮጠበት መተላለፊያ ለከርሞ አጥር ይሆናል። ክረምት ሲገባ ጥቁሩ ዋልካ አፈር ጫማ ይዞ ያስቀራል። ሳይነጋ ከሄዳችሁ ውሻ አለ፤ ጅብም ይኖራል። ነግቶ ከሄዳችሁ ደግሞ ሥራ ይረፍዳል።

ሦስቱን ደምሩና እዩት። አንዱ ቁርጭምጭሚት ይሰብራል፣ አንዱ ነፍስ ያስፈራል፣ አንዱ እየጠፋ ነው። ይህን ሁሉ ተቋቁሞ የሚሮጥ ሰው አለ፤ ጀግና ነው። ነገር ግን ጤናን ለመጠበቅ ጀግንነት የሚያስፈልግ ከሆነ የሰፈሩ አሠራር ላይ ችግር አለ ማለት ነው።

ጀግና መሆን የማይችሉት እነማን እንደሆኑም እንይ። ሴቶች ቀዳሚዎቹ ናቸው። በጨለማ ብቻዋን መሮጥ የማትችል ሴት፣ ሲነጋ ደግሞ ለከፋውን የማትፈልግ ሴት፣ መቼ ትሩጥ? በወንዶች ፊት የማያልፍ ጥያቄ ነውና ብዙ ጊዜ አይነሳም። ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ ወርቅ ስታጠልቅ ለጥቁር አፍሪካዊት ሴት የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቅ ነበር። የዚህች ሴት አገር ውስጥ አንዲት የባንክ ሠራተኛ ወይም የቤት እመቤት ከቤቷ ወጥታ ሦስት ኪሎ ሜትር ሮጣ በሰላም የምትመለስበት መንገድ ከሌላት ኩራታችን ጎደሎ ነው።

ሁለተኞቹ በዕድሜ የገፉት ናቸው። ስኳር ወይም ግፊት ያለባቸው እናቶችና አባቶች ሐኪም ቤት ሲሄዱ «እንቅስቃሴ ያድርጉ» ይባላሉ። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ወይም 75 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ነው። ትዕዛዙ ትክክል ነው። ግን የታዘዘው መድኃኒት የትኛውም ፋርማሲ የለም። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በትር ይዘው፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በአስፋልቱ ጠርዝ ሲራመዱ የሚታዩት ሌላ ቦታ ስለሌላቸው ነው።

«አሁን እኮ ኮሪደር ልማት አለ» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ልክ ነው። በደረሰባቸው ቦታዎች ሰፊ እግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ መብራት መጥቷል። በምሽት ሰው ልጆቹን ይዞ ሲንሸራሸር ማየት ደስ ይላል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ሁለት ነገር ግን ልጨምር። አንደኛ፣ የሚያምረው መንገድ በቅድሚያ የሚደርሰው ዋና ዋና አውራ ጎዳና ላይ ነው፤ ሰው ግን የሚኖረው ከዋናው ጎዳና ገባ ብሎ ነው። ሁለተኛ፣ ንጣፍ ለመራመድ እንጂ ለመሮጥ ብዙም አይመችም። አትሌቶቻችንን ጠይቋቸው። ሳምንታቸውን ሲያወጡ የጫካ ቀን፣ የኮሮኮንች ቀን፣ የአስፋልት ቀን ብለው ይከፋፍሉታል። አስፋልት የሚወጡት በተወሰነ ቀን ነው፤ ቀላሉን ሩጫ ሣርና አፈር ላይ ያደርጉታል። ለምን? እግር ስለሚጎዳ። ከሰንዳፋ እስከ ሱሉልታ፣ ከጃን ሜዳ እስከ ሰበታ በመኪና የሚዞሩት መሬት ፍለጋ ነው። ለእነሱ ያላዋጣ ጠንካራ ወለል፣ ዕድሜዋ አርባ አምስት ለሆነው፣ ክብደቷን ለመቀነስ ለምትሮጠው ጎረቤታችን እንዴት ያዋጣል?

«አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ጥርብ ድንጋይ ላይ ሮጦ አሸንፏል» ብላችሁ እንዳትመጡብኝ። አዎ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ ለአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሮም ላይ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገብቶ የዓለምን አፍ አስከፍቷል። አበበ ግን አበበ ነው። የከተማ ፕላን የሚሠራው ለአበበ ሳይሆን ለእኔና ለእናንተ ጉልበት ነው።

ሌላው ተቃውሞ ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። «ውሃ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰፈር የሩጫ መንገድ ትላለህ? ቅንጦት አይደለም ወይ?» የሚል። ይህን ለሚሉ ሰዎች አክብሮት አለኝ፤ ኑሮው ከብዷቸው ነው። ቢሆንም ቅንጦቱ ተቃራኒው ነው ባይ ነኝ። ጂም ቅንጦት ነው፤ በየወሩ ይከፈልበታል። የስኳር መድኃኒት ውድ ነው፤ ዕድሜ ልክ ይገዛል። ለአንድ ቤተሰብ በነጻ የሚገኝ ጤና ቢኖር እግር ብቻ ነው፤ እግር ደግሞ የሚረግጠው መሬት ይፈልጋል። ድሃ የሆነ ሰው ነው ከማንም በላይ ነጻ መሬት የሚያስፈልገው።

አሁን ወደ ሌላው ዓለም ትንሽ ወጣ ብለን እንመለስ።

ባሕር ዳርቻ ላይ የተሠሩ ከተሞች ዕድለኞች ናቸው። አሸዋው የማንም አይደለም፤ ሁሉም ይሮጥበታል። ሪዮ ዴ ጄኔሮ እሁድ እሁድ ከኮፓካባና አሸዋ ጎን ያለውን ጎዳና አንዱን ወገን ለመኪና ዘግታ ለሰው ትለቃለች። እኛም ሐይቅ ያላቸው ከተሞቻችን፣ ሀዋሳና ባሕር ዳር፣ ሰው ጠዋት ጠዋት ውሃው ዳር ወጥቶ ሲንቀሳቀስ የሚታየው ለዚህ ነው። ተፈጥሮ ራሷ መንገድ ሠርታላቸዋለች።

ጀሞ ባሕር የላትም፤ ሐይቅም የላትም። ግን ባሕር የሌላቸው ከተሞችም መላ አላጡም። የኮሎምቢያዋ ቦጎታ ከባሕር ወለል 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ከአዲስ አበባ የምትበልጥ፣ ትራፊኳ የሚያስመርር ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ እሁድና በዓል ቀን ከጠዋት እስከ ቀትር በኋላ መንገዶችን ለመኪና እየዘጋች ለሯጭ፣ ለብስክሌት፣ ለሕፃናት ትለቃለች። ዛሬ ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ነው የሚዘጋው። አስፋልቱ የነበረው ነው፤ የተጨመረው ሰዓት ብቻ ነው።

ለንደን ደግሞ ሌላ ምሳሌ አላት። እ.ኤ.አ. በ2004 በቡሺ ፓርክ 13 ሯጮች ተሰብስበው 5 ኪሎ ሜትር ሮጡ። ክፍያ የለም፣ ሽልማት የለም፤ ሰዓት የሚይዙት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ቅዳሜ መጣና ደገሙት፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም። ዛሬ ፓርክረን በሚል ስም ከ20 በላይ አገሮች ውስጥ በየሳምንቱ ይካሄዳል። ሲጀመር ያስፈለጋቸው አንድ የታወቀ ዙርና አንድ የማይለዋወጥ ሰዓት ነበር።

እኛስ? እኛ ታላቁ ሩጫ አለን። ከኅዳር 1994 ዓ.ም ጀምሮ የሚካሄድ፣ ዛሬ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ የሚያወጣ ታላቅ በዓል ነው። የመጀመሪያውን ያሸነፈው ራሱ ኃይሌ ነበር። ለአንድ ቀን ከተማው በሙሉ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ ይሮጣል። በማግስቱ ቲሸርቱ የቤት ልብስ ይሆናል። ሰው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ የዚያን ቀን የተከፈተለት መንገድ ሰኞ ጠዋት ስለሚዘጋበት ነው። በ2011 ዓ.ም «መንገድ ለሰው» ተብሎ ከመኪና ነጻ ቀን ሲጀመርም ብዙዎቻችን ተስፋ አድርገን ነበር። ሐሳቡ ግሩም ነበር፤ ግን በየሰፈሩ የሚጠበቅ ቋሚ ልማድ ሆኖ ጀሞ ድረስ አልዘለቀም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አልጠይቅም።

አንደኛ፣ የሚታወቅ ዙር ይኑረን። በየጀሞው የብሎክ ኮሚቴዎች ተነጋግረው በግቢያቸው ውስጥና ዙሪያ አንድ መስመር ቢመርጡ፣ በየ500 ሜትሩ አጥር ወይም ግድግዳ ላይ ቁጥር ቢጽፉ፣ ወጪው አንድ ባልዲ ቀለም ነው። ቁጥሩ ተራ ነገር ይመስላል፤ ግን «ዛሬ ሁለት ዙር፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት» ማለት የሚቻለው ርቀቱ ሲታወቅ ነው። በዚያ መስመር ላይ መኪና አለማቆም፣ የጉድጓድ ክዳን ማድረግ፣ ውሻን እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ማሰር። ይህ ሁሉ በስብሰባ የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛ፣ እሁድ ጠዋት ከ12 እስከ 3 ሰዓት አንድ የውስጥ መንገድ ይዘጋልን። ዋናው አስፋልት አይደለም፤ አንድ የውስጥ መንገድ። በየአደባባዩ የምናየው ማስ ስፖርት እዚያው ይምጣ፤ ሕፃናት ብስክሌት ይንዱ፤ እናቶች ይራመዱ፤ ሯጭ ይሩጥ። ወረዳው ፈቃድ ቢሰጥና ደንብ አስከባሪ ሁለት ጫፍ ላይ ቢቆም ይበቃል።

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል። አፈሩን አትጨርሱብን። በ2011 ዓ.ም «ገበታ ለሸገር» ሲዘጋጅ የታሰበው 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ማልማት ነበር። የወንዝ ዳርቻ ሥራው ዛሬም በተለያዩ የከተማዋ ክፍሎች ቀጥሏል። በኛ በኩል ያሉት ወንዞች ወርደው ከትንሹ አቃቂ ጋር ይገናኛሉ። አንድ ቀን ተራው ለኛ ሲደርስ ዳርቻው ሁሉ በንጣፍ አይሸፈን። ከንጣፉ ጎን ሁለት ሜትር ስፋት ያለው የአፈር መስመር ይተው። ዋልካውን ትንሽ ቆርጦ አውጥቶ ገረጋንቲ ሞልቶ መጠቅጠቅ፣ በጎኑ ውሃ መውረጃ ቦይ ማበጀት፣ ጥላ የሚሰጥ አገር በቀል ዛፍ መትከል፣ መብራት ማብራት። ከንጣፍ ይረክሳል እንጂ አይወደድም። ክፍት ቦታ አንዴ ከታጠረ ወይም ሲሚንቶ ከፈሰሰበት ደግሞ በአቤቱታ አይመለስም፤ ስለዚህ ጥያቄው መነሳት ያለበት ዲዛይኑ ከመሠራቱ በፊት፣ ማለትም አሁን ነው።

ይህን የምለው ከጀሞ ሌላ ቀነኒሳ ይውጣ ብዬ አይደለም። ቢወጣ እሰየው፤ እልል ብለን እንቀበለዋለን። የኔ ፍላጎት ከዚያ ያነሰ፣ ምናልባትም ከዚያ የበለጠ ነው። አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ከእናቷ ጋር ጠዋት ወጥታ፣ መኪና ሳትሸሽ፣ አፈር ረግጣ ሁለት ኪሎ ሜትር ሮጣ ለትምህርት ቤት ብትደርስ ይበቃኛል። የሯጮች አገር ማለት እኮ ጥቂት ሰው ሮጦ ሌላው የሚያጨበጭብበት አገር ማለት መሆን የለበትም።

እናንተስ በየሰፈራችሁ የት ትሮጣላችሁ? ጀሞ ያላችሁ፣ የምታውቁት የተሻለ ዙር ካለ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልን፤ ከየትኛው ብሎክ ተነስቶ የት እንደሚደርስ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመች፣ ውሻው የት ጋ እንደሆነ ጭምር። ለብሎክ ኮሚቴያችሁም ይህን ጽሑፍ አስተላልፉላቸው። በሚቀጥለው ስብሰባ ከጥበቃ ክፍያና ከውሃ ታንከሩ ቀጥሎ አንድ አጀንዳ ይጨመር፤ «የመሮጫ ዙር» የሚል።